መልስ፦ የሐረርን ጀጎል፣ በግንብ የተከበበውን የድሮ ከተማ፣ በግማሽ ቀን በእግር፣ ያለ አስጎብኚ

"ያለ አስጎብኚ በግማሽ ቀን ዞሬ ማየት እችላለሁ ወይ" ላልሽው ይቻላል፣ አስጎብኚ የግድ አይደለም፣ "ከየት ልጀምር" ላልሽው ደግሞ ግንቡ ውስጥ ካለው ዋና አደባባይ ከፈረስ መጋላ ጀምሪ። ባጃጁን አደባባዩ ላይ ሸኚውና ከዛ በኋላ በእግር ነው።

1. ቁርስ ካልበላሽ መጀመሪያ ፈቲራ፣ በዘይት የተጠበሰ ስስ ቂጣ ነው። በእንቁላል ወይም በማር፣ እኔ በማር ነው የምለው፣ ትኩሱን ብቻ ብይ።

2. ከዛ ቁልቁል የሚወርደውን ጠባብ መንገድ ያዢ፣ መኪና ግርግር ይሉታል፣ መኪና የተባለው የስፌት መኪናው ነው እንጂ የሚነዳው አይደለም፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በራፍ ላይ ተደርድረው ሲያንጣጡት ስሙም ከዛው ድምፅ የመጣ ነው። ጨርቅ ገዝተሽ ቀለል ያለ ነገር ካዘዝሽ ዞረሽ እስክትመለሺ የሚያደርስልሽ አታጪም፣ ዋጋውን ግን መቀስ ሳይነካው ተነጋገሪ።

3. መንገዱ ጊድር መጋላ የሚባለው ገበያ ያወጣሻል፣ ሥጋ ተራው፣ ቅመሙ፣ ጉልቱ ሁሉም እዛ ነው።

መጥፋት ላልሽው አታስቢ፣ ግንቡ ውስጥ ያለው 48 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ዝም ብለሽ ብትሄጂ ወይ ግንቡ ጋ ወይ ከ5ቱ የጥንት በሮች አንዱ ጋ ትደርሻለሽ። ስልክ ላይ ያለውን ማፕ እዛ ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ባታምኚው ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሥጋ ተራው አካባቢ ምግብ በእጅሽ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ጣሪያው ላይ የተኮለኮሉት ጭልፊቶች ቀልድ አያውቁም፣ እኔ ሳምቡሳዬን አንዴ ገምጬ ሁለተኛውን ልደግም ስል ከጣቴ መሀል ተነጠቅኩ፣ ባለሱቆቹ እስኪያነቡ ሳቁብኝ።