የባጃጅ ቴስታታ (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው የሞተር ራስ) የአየር መተላለፊያ ቤት ውስጥ ለመሞረድ ከየት ይጀመራል?

ከቫልቭ መቀመጫው፣ ማለትም ቫልቩ ሲዘጋ ከሚያርፍበት ቀለበት፣ ሥር ጀምር እንጂ የመተላለፊያውን ቀዳዳ አታስፋ። ጣትህን ብትሰድ ከፋብሪካው የቀረ ስለታም ጠርዝ ታገኛለህ። አየሩን የሚያደናቅፈው እሱ ነው። እሱን ብቻ አለስልስ፤ ቀዳዳው የሚታጠፍበትን ወለል አትንካ። መቀመጫውን እንዳትጭረው ተጠንቀቅ። አሉሚኒየም የመሞረጃውን ጥርስ ስለሚደፍን ዘይት ቀባ እያደረግክ ሥራ።

ለአየር ማስገቢያው ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። መስታወት ማስመሰሉ ትርፉ ድካም ነው። ጭስ መውጫውን ግን ብታወለውለው አይከፋም።

ባሕር ዳር የምትነዳ ከሆነ ደግሞ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ይላል፤ ተአምር አትጠብቅ።

ዋናው ጣጣ ብናኙ ነው። በአየር ብቻ ነፍተው የገጠሙት ሞተር ሲሊንደሩ ተጭሮ ሲፈታ አይቻለሁ። በሙቅ ውኃና በኦሞ እጠበው፤ የዘይት መተላለፊያዎቹን በቀጭን ብሩሽ ፈትግ።

እጅህን ግን መጀመሪያ ጋራዥ በጣለው ቴስታታ ላይ አፍታታ።