ሃይዱክ ስፕሊት ስንት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ? ለጠየቅከው መልስ

ሰላም ወንድሜ። ለሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም የክሮኤሺያውን እግር ኳስ ክለብ የሃይዱክ ስፕሊትን ታሪክ እያዘጋጀህ እንደሆነ፣ የሊግ ዋንጫውን አንዱ ጽሑፍ 6፣ ሌላው 9፣ ሦስተኛው 15 ስለሚል የቱን እንደምትይዝ ጠይቀሃል። ሦስቱም ቁጥሮች መሠረት አላቸው። ጥፋቱ የየትኛው አገር ሊግ እንደሆነ ሳይናገሩ ቁጥሩን ብቻ መወርወራቸው ነው። ክለቡ ከስፕሊት ከተማ ሳይነቀል በላዩ ላይ መንግሥት ተለዋውጧል፦ ሲመሠረት ኦስትሪያ-ሀንጋሪ፣ ቀጥሎ የዩጎዝላቪያ ንጉሣዊ መንግሥት፣ በጦርነቱ የጣሊያን ወረራ፣ ከዚያ የኮሚኒስቱ መሪ የቲቶ ዩጎዝላቪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ደግሞ ክሮኤሺያ። ይህን ቅደም ተከተል ከወረቀትህ ራስጌ ላይ ጻፈው።

1. ስሙን አስተካክል። በአማርኛ "ሃጅዱክ" እየተባለ መጻፉ ያሳዝናል። በክሮኤሺያኛ "j" የምትባለው ፊደል የምትነበበው እንደ "ይ" ነው። ስለዚህ ሃይዱክ፣ ስታዲየሙ ፖልዩድ፣ የግራ ክንፉ ሰው ኢቪጻ ሹርያክ። ቃሉ በኦቶማን አገዛዝ ላይ የሸፈተ ማለት ነው። "ሽፍታ" ብለህ ብቻ ካለፍክ ግን አድማጭህ ዘራፊ ይመስለዋል፤ ግፍን አልቀበልም ብሎ ጫካ የገባ መሆኑን ጨምርበት። ስሙን ያወጡት መምህሩ ዮሲፕ ባራች ናቸው።

2. ዓመተ ምህረት። ሃሳቡ የተጠነሰሰው ፕራግ ውስጥ ኡ ፍሌኩ በሚባል ቢራ ቤት፣ እዚያ ይማሩ በነበሩ የስፕሊት ልጆች ነው። ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1911፣ በእኛ የካቲት 6 ቀን 1903 ነው። "እ.ኤ.አ."ን ከዘለልክ የስምንት ዓመት ስህተት ይፈጠራል፤ ወሩ በሁለቱም የካቲት መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያደናግራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

3. ዋናው ነገር ይኸው፤ ዋንጫውን በአገር ለይ። በንጉሣዊቷ ዩጎዝላቪያ 1927 እና 1929። ከጦርነቱ በኋላ በዩጎዝላቪያ 1950 (ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ)፣ 1952፣ 1954/55፣ 1970/71፣ 1973/74፣ 1974/75 እና 1978/79። እነዚህ 9 ናቸው። በክሮኤሺያ ሊግ 1992፣ 1993/94፣ 1994/95፣ 2000/01፣ 2003/04 እና 2004/05፤ እነዚህ 6 ናቸው። 15 የሚለው ሁለቱን ደምሮ ነው። 7 የሚል ካጋጠመህ የንጉሡን ዘመን ሁለት ዋንጫ ጥሎ ነው። 16 ወይም 17 የሚል ካገኘህ ደግሞ የ1940/41ን የክሮኤሺያ ባኖቪና (በንጉሣዊቷ ዩጎዝላቪያ ውስጥ የነበረ ራስ ገዝ ክልል) ሊግና የ1946ን የክሮኤሺያ ሪፐብሊክ ሻምፒዮና ጨምሮ ነው። እነዚህ ሁለቱ የመላው ዩጎዝላቪያ አይደሉም፤ ጥቀሳቸው እንጂ አትደምራቸው። ማይክ ላይ ስትናገር "በዩጎዝላቪያ 9፣ በክሮኤሺያ 6" በል፤ ማንም ሊያርምህ አይችልም።

እዚያው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ነገር አለ። 1927፣ 1929፣ 1950፣ 1952 እና 1992 በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ ያለቁ ውድድሮች ናቸው፤ ሌሎቹ ከመኸር እስከ ጸደይ የሚዘልቁ ናቸው። 1954/55ን አሳጥረህ "1954" ካልክ ከዲናሞ ዛግሬብ ዋንጫ ጋር ትጋጫለህ፤ 1953/54ን የወሰደው ዲናሞ ነውና። ሁልጊዜ የማጠናቀቂያውን ዓመት ያዝ።

የጥሎ ማለፍ ዋንጫውም በአጋጣሚ ከሊጉ ጋር እኩል በመሆኑ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ። የዩጎዝላቪያ ጥሎ ማለፍ 9 ነው፦ 1967፣ 1972፣ 1973፣ 1974፣ 1976፣ 1977፣ 1984፣ 1987፣ 1991። መሃል ላይ 1975 የጎደለው ተሸንፈው አይደለም፤ በዚያ ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። ስለዚህ "አምስት በተከታታይ" የሚለው ኩራት ትክክል ነው። የክሮኤሺያው እስከ 2023 ድረስ 8 ነው። የ1991ዱን በጥሎ ማለፉ ዝርዝር ውስጥ ቀብረህ አትለፈው። ግንቦት 8 ቀን ቤልግሬድ ላይ በአለን ቦክሺች ግብ የከተማዋን ክለብ ሬድ ስታርን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ያው ሬድ ስታር ከሦስት ሳምንት በኋላ ባሪ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። አገሪቱ እየፈረሰች ስለነበር ዋንጫው ከስፕሊት ሳይመለስ ቀረ።

ስለ ጦርነቱ ዘመን ስትጽፍ ተጠንቀቅ። "ሃይዱክ የዩጎዝላቪያ ጦር ክለብ ነበር" የሚል ነገር ይዞራል። በከፊል እውነት ስለሆነ ነው የሚያስተው። ጣሊያን በ1941 ስፕሊትን ስትይዝ ክለቡ በጣሊያን ሊግ እንዲጫወት ተጠየቀና እምቢ ብሎ ተበተነ። ተጫዋቾቹ ቪስ ወደምትባለው ደሴት ተሻግረው ግንቦት 7 ቀን 1944 የፓርቲዛኖቹ (የቲቶ ደፈጣ ተዋጊዎች) ቡድን ሆነው እንደገና ቆሙ። በመስከረም ባሪ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ቡድን ጋር ገጥመው 7 ለ 2 ተሸነፉ፤ ቀጥሎም ግብፅን፣ ፍልስጤምን፣ ሶሪያንና ሊባኖስን እየዞሩ ተጫወቱ። ከጦርነቱ በኋላ ቤልግሬድ ገብተው የጦሩ ክለብ እንዲሆኑ ቢጠየቁም ከተማችንን አንለቅም አሉ። በዚያው 1945 የጦሩ ክለብ ሆኖ የተመሠረተው ፓርቲዛን ነው። ሁለቱን ማምታታት ስፕሊት ላይ ስድብ ነው። የክለቡ አርማም በዚህ ዘመን ቀይና ነጭ ዳማውን ትቶ ቀይ ኮከብ ያደረገ ሲሆን፣ ዳማው የተመለሰው በ1990 ነው። የቆየ ፎቶ የምትለጥፍ ከሆነ አርማውን አይተህ ዓመቱን ገምት።

ስለ ደጋፊዎቹ፦ ማህበራቸው ቶርሲዳ የተመሠረተው ጥቅምት 28 ቀን 1950፣ ከሬድ ስታር ጨዋታ ዋዜማ ነው። ስሙ በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ ከተካሄደው የዓለም ዋንጫ የመጣ የፖርቱጋልኛ ቃል ነው፤ ስፕሊቶች ግን "ቶርትሲዳ" ነው የሚሉት። በማግስቱ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ባለሥልጣናቱ ግን አልወደዱትምና ስብስቡን በተኑት። ስሙ በይፋ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። "ከ1950 ጀምሮ ሳይቋረጥ" አትበል።

ተጫዋቾችን አትደርድር፤ ጊዜህን ይበላዋል። በርናርድ ቩካስን ግን አትርሳው። በ1955 ቤልፋስት ላይ የአውሮፓ ምርጥ ቡድን ታላቋ ብሪታኒያን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ሦስቱን ያገባው እሱ ነው። ከአሰልጣኞች ቶሚስላቭ ኢቪችን ያዝ፤ የ70ዎቹ ቡድን የእሱ ነው። በአውሮፓ የራቁበትን ለማሳየት 1984ን ውሰድ፤ በዩኤፋ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃምን በሜዳቸው 2 ለ 1 ረትተው ለንደን ላይ 1 ለ 0 ተሸነፉና፣ ድምሩ 2 ለ 2 ስለሆነ፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ ወደቁ። በ1995 በቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ያስቆማቸው አያክስም በኋላ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን ነው።

ፖልዩድ በ1979 ለሜዲትራኒያን ጨዋታዎች የተሠራ፣ የቦሪስ ማጋሽ ንድፍ ነው፤ ጣሪያው የባሕር ዛጎል ይመስላል። ከዚያ በፊት ያለውን ዋንጫ ሁሉ "ፖልዩድ ላይ" ብለህ አትጻፍ፤ የቀድሞው ሜዳ ስታሪ ፕላጽ፣ አሮጌው ጋዝ ፋብሪካ አጠገብ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1980 ግን ፖልዩድ ነው፤ ሃይዱክና ሬድ ስታር እየተጫወቱ በ41ኛው ደቂቃ የቲቶ ሞት ተነግሮ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ያለቀሱት እዚያ ነው።

"ባለቤቱ ማን ነው?" ተብለህ ከተጠየቅክ የአንድ ሀብታም ስም አትፈልግ። ከ2008 ጀምሮ አክሲዮን ማህበር ነው፤ ትልቁ ድርሻ የስፕሊት ከተማ ሲሆን፣ ናሽ ሃይዱክ የተባለው የደጋፊዎች ማህበርም ድርሻ አለው፣ የተቆጣጣሪ ቦርዱንም አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። እስከ 2025 ድረስ 20 ዓመት ያለ ሊግ ዋንጫ ቢቆዩም ስታዲየሙ የሚሞላው ለዚህ ይመስለኛል።