ለልጆቼ ርችት ልግዛ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ልጆቼ ለእንቁጣጣሽ ርችት ካልገዛሽልን ብለው ይዘውኛል፤ ፖሊስ ክልክል ነው ይላል፣ ሱቅ ላይ ግን ይሸጣል፤ ምን ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ነበረኝ። ጳጉሜ ሲገባ ርችትም እሸጥ ነበር። የማውቀውን ልንገርሽ።

አትግዢ። ፖሊስ በበዓል ዋዜማ ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ደጋግሞ ሲያስታውቅ ሰምተናል። ሱቅ ላይ መገኘቱ ፈቃድ አይሆንሽም። ብትያዢም «ከእገሌ ሱቅ ነው የገዛሁት» ማለት አያድንሽም።

ብዙ ሰው ነገሩ ለእሳት አደጋ ብቻ ይመስለዋል። ድምፁም አለ። መሀል ከተማ ላይ በጨለማ ጧ ሲል ርችት ይሁን ጥይት ማን ይለያል? ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ያንን ያየ ሰው ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በግርግር ደግሞ ቀድመው የሚወድቁት ሕፃናትና አዛውንት ናቸው።

«እኔ የምገዛው የማይጮኸውን ነው» ትዪኝ ይሆናል። ያቺን ቀጭን ሽቦ፣ ብልጭ ብልጭ የምትለዋን። እኔን ሱቄ ውስጥ ርችት ማስገባት ያስተወችኝ እሷ ናት። የጎረቤቴ ልጅ ከእኔው ገዝቶ ለኮሳት። ስትጨርስ መሬት ላይ ጣላት። ብልጭታው ጠፍቷል፣ ሽቦዋ አመድ መስላለች። የአራት ዓመት እህቱ አንስታ በመዳፏ ጭምቅ አደረገቻት። ስትነድ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትሞቃለች፣ ወዲያው ደግሞ አትበርድም። ሽቦዋ መዳፏ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር ጥላ ቀረች። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ቅቤ ይዘው ሮጡ። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ሁለቱንም ከልክላ የልጅቷን እጅ ቧንቧ ሥር 20 ደቂቃ ያዘችው፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ልቅሶዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የቀረውን ርችት በማግስቱ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬ አስወገድኩት።

ልጆቹን ግን ባዶ እጃቸውን አታስቀሪያቸው። ለዋዜማው ችቦ ግዢና ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አብሩላቸው፤ «ኢዮሃ አበባዬ» ይበሉ። ከቆርቆሮ አጥር፣ ከመብራት ሽቦና ከቆመ መኪና ራቅ በሉ። ችቦውን አዋቂ ይያዘው፣ አንድ ባልዲ ውኃም አጠገባችሁ ይኑር። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ሞባይልሽ ላይ አሁኑኑ መዝግቢው።