ጥያቄና መልስ፦ የልጆች ለስላሳ ውስጥ ያለው ኢ211

ሰሞኑን ስለ ልጆች መጠጥ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

«ልጄ የምትወደው የብርቱካን ለስላሳ ላይ ‹ሶዲየም ቤንዞኤት› ይላል። መርዝ ነው እንዴ?» (እናት፣ ከአዳማ)

መርዝ አይደለም እህቴ። ሻጋታና እርሾ እንዳያበላሸው የሚጨመር ማቆያ ነው፤ ኢ211 ተብሎም ይጻፋል። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮት ያለው ነው። እዚያው ላይ አስኮርቢክ አሲድ ወይም ኢ300 ካየሽ ቫይታሚን ሲ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ቤንዝን የሚባል ነገር ሊፈጠር ይችላል። መኪና የምንሞላውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም። ቤንዝን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ከገባ የደም ካንሰር ያመጣል።

ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድረው የሚውሉትን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ስትነኪያቸው ይሞቃሉ። እነሱን ለልጅሽ አትግዢ።

ግን አትደንግጪ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለስላሳዎችን ሲመረምር፣ አብዛኞቹ ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው መጠን (ከቢሊዮን 5 እጅ) በታች ነበሩ። ከዚያ መጠን በላይ የተገኘባቸውን ጥቂት ለስላሳዎች ደግሞ አምራቾቹ ቅመማቸውን ቀይረዋል።

«ኢ330ስ?» (ከሐዋሳ)

እሱ ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ከኢ300 ጋር አይምታታብህ። ቤንዝን አይፈጥርም። ጥርስ ግን ይሸረሽራል።

«የልጄ መጠጥ ላይ ‹የልጆችን ትኩረት ሊጎዳ ይችላል› የሚል አነበብኩ። ልጄ ቁጭ ማለት አይችልም፤ ምክንያቱ ይሄ ይሆን?» (አባት፣ ከፍራንክፈርት)

እ.ኤ.አ. በ2007 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ3 ዓመትና ለ8 እና 9 ዓመት ልጆች ቀለማትና ሶዲየም ቤንዞኤት ያለበት መጠጥ ሰጡ። አንዳንዶቹ ልጆች ይበልጥ ቅብጥብጥ ሆኑ። ሁሉም አንድ ላይ ስለተሰጠ ጥፋቱ የቀለሙ ይሁን የማቆያው አልተለየም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማስጠንቀቂያውን ያስጻፈው ስድስት ቀለሞች ላይ ነው፤ ቢጫው ታርትራዚን (ኢ102) አንዱ ነው። ወንድሜ፣ መጠጡን ለሁለት ሳምንት አስቁመውና ልጅህን ተመልከት። ካልተለወጠ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ ሁሉንም በለስላሳ አታሳብብ።

«የልጅ ልጆቼን ስኳር የሌለው ላጠጣቸው?» (አያት፣ ከባሕር ዳር)

እማማ፣ ስኳር የሌለውም ላይ ኢ211 ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉን ያስነብቡ። ስኳር ያለበት የ330 ሚሊ ሊትር ኮላ ደግሞ ወደ 35 ግራም ስኳር ይዟል፤ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ቤትዎ ማንጎ ካለ ጨምቀው ይስጧቸው። ማቆያ ስለሌለው ግን አያሳድሩት፤ ዕለቱን ይጠጡት።