ስለ ጥቁር ሂና የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሠርግ ወቅት በመቃረቡ እዚህ ድሬዳዋ ስለ ጥቁር ሂና ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። በፋርማሲ ሙያዬ የማውቀውን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሂና የእናቶቻችን መዋቢያ ሆኖ ሳለ እንዴት ጎጂ ይባላል?

መልስ፦ ጎጂው ሂናው አይደለም። የሂና ቅጠል ዱቄት አረንጓዴ ነው፤ ተለውሶ ለሰዓታት ቆዳ ላይ ቆይቶ ሲነሣ ብርቱካናማ ቀለም ይተዋል፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ወደ ቡናማ ይደምቃል። ጥቁር የሚያደርገው የሚቀላቀልበት የፀጉር ቀለም ሲሆን፣ በውስጡ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ሲፈቅድ፣ ቆዳን ለማስዋብ እንዳይውል ግን ከልክሏል። ለሂና ሲቀላቀል መዝኖ የሚጨምር ስለሌለ፣ መጠኑ ከዚህ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ አምና ለእህቴ ሠርግ ሐረር ሄጄ ተቀብቼ ደኅና ነበርኩ፤ ዘንድሮ በሁለተኛው ቀን እጄ አበጠ። ለምን?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት እህቴ። አምና ሰውነትዎ ኬሚካሉን ለይቶ የያዘው ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ በድጋሚ ሲነካው በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይቆጣል። ወደ እኔ የመጣች አንዲት ሙሽራ እጇን ስትዘረጋልኝ፣ የአበባው ሥዕል ቅጠል በቅጠሉ ውኃ ቋጥሮ ተነሥቶ ነበር፤ ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም ሥዕሉ በጠባሳ ቀረ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መሆኑ ነው። ወደፊት ፀጉርዎን ጥቁር ቀለም ቢቀቡ ፊትዎና የዐይንዎ ቆብ ሊያብጥ ይችላል፤ አንዳንድ የጨርቅ ቀለሞችና ቤንዞኬይን ያለባቸው የማደንዘዣ ቅባቶችም ሊያስቆጡዎት ስለሚችሉ፣ ለሚያክምዎ ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እዚህ በከፊራ ገበያ ሂና ስገዛ ጥቁሩን በምን ልለየው?

መልስ፦ ዱቄቱ ራሱ ጥቁር ከሆነ፣ የፀጉር ቀለም ከሸተተዎት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥቁሮ ይይዛል ከተባሉ አይግዙ። ከተቻለ ሂናው እርስዎ እያዩ ይለወስ።

ጥያቄ፦ ለአራስ ልጄስ?

መልስ፦ ጥቁሩን በፍጹም። ንጹሑም ቢሆን፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል ይቅርብዎት።

ጥያቄ፦ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሳሙናና በውኃ በቀስታ ይጠቡት፤ አያፍርጡት፤ ሎሚም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡበት። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የቀባችዎትን ሴት ምን እንደጨመረችበት ይጠይቋት፤ የቀለሙ እሽግ ካለም ይዘውት ይሂዱ።