ከበረንዳ የወደቀው የአበባ ሸክላ

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ የአበባ ሸክላ ወድቆ የእናቴን ትከሻ ሰበረው። ተከራዩ «ነፋስ ነው የጣለው፤ እኔ ቤትም አልነበርኩ» ይላል። እውነት አይጠየቅም?

መልስ፦ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ፤ በጣም አዘንኩ። ይጠየቃል እንጂ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው፤ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን አለማድረግ። ሸክላን ሳያስሩ በረንዳ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ፣ ያውም ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ፣ ለእኔ ሌላ ስም የለውም።

ደግሞ እዚህ ጥፋቱን ማስረዳት እንኳ አይጠበቅባችሁም። ቁጥር 2080 ከቤት ለሚወድቅ ዕቃ ነዋሪውን ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ነፋሱ አያድነውም።

የሐኪም ማስረጃውንና ደረሰኙን ሁሉ ያዢ። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ግን «ዛሬ ነገ» እያለ ጊዜውን እንዳያስበላችሁ።