የድሮው የአውራጃ ፍርድ ቤት ዕድሜና ጥገና

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ፍርድ ቤት ነበር የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። ዕድሜውን በምን እናረጋግጥ? ግድግዳውንስ በሲሚንቶ ብንለስነው?

መልስ፦ ሲሚንቶውን ለጊዜው ተዉት። በጭቃ የተካበ ድንጋይ ሲሚንቶ ሲለበስ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ የክረምት ውሃ መውጫ ስለሚያጣ የውስጡ ጭቃ ይላላና ድንጋዩን መያዝ ያቅተዋል። በዚያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። የቀረው እርጥበት ሲረጋ ያብጥና ልስኑን ገንጥሎ ይጥለዋል።

ማያያዣውን ለመለየት ከማይታይ ጥግ በምስማር ጫሩ። ውሃ ሲነካው የሚሟሟው ጭቃ ነው፤ ነጭ ሆኖ በቢላ የሚፋቀው ኖራ፤ ምስማሩን የሚመልሰው ግራጫው ሲሚንቶ። ሲሚንቶ ስላገኛችሁ ብቻ ቤቱ አዲስ ነው አትበሉ፤ የኋላ ጥገና ሊሆን ይችላል።

ጭቃ ከሆነ የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት እያገላበጣችሁ አቡኩት። የመጀመሪያው ልስን ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛውን ሳሳ አድርጋችሁ ደርቡ። ዝናቡ እንዳቆመ ጀምራችሁ ውርጩ ሳይደርስ መጨረስ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ድፈኑ፤ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሥታችሁ ቦይ ቅደዱ። ውሃው ካልተመለሰ ማንኛውም ልስን አይበረክትም። ቤቱ ቅርስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ አይጠገንም፤ አስቀድማችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

ወደ ዕድሜው ስንመጣ፣ ችሎት የተቀመጠበት ቤት ሁሉ ለችሎት የተሠራ አይደለም። ከነጻነት በኋላ የፍርድ ቤቶች እርከን የተደራጀው በአዋጅ ቁጥር 2/1934 ነው። በ1955 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 195 ደግሞ የአውራጃ ግዛት ፍርድ ቤትን በወረዳ ግዛትና በከፍተኛው ፍርድ ቤት መካከል አስቀመጠው። አውራጃዎቹ ከ1984 ዓ.ም የክልል አደረጃጀት በኋላ ቀርተዋል። እንግዲህ የአውራጃ ማኅተም ያለበት መዝገብ ችሎቱ መቼ እንደነበረ ያሳያል እንጂ ግድግዳው መቼ እንደቆመ አያስረዳም። ለዚያ የሚጠቅመው የቦታው ካርታ፣ የግንባታ ውልና የክፍያ ሰነድ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ቤቱንም ራሱን መርምሩት። ከወለሉ ከፍ ያለ የዳኞች መቀመጫ፣ ለብቻው በር ያለው የመዝገብ ቤት ክፍል፣ ጠባብ መስኮት ያለው የእስረኛ ማቆያ ከግድግዳው ጋር አብረው ተክበው ከሆነ ቤቱ ከመነሻው ለፍርድ ቤትነት የታሰበ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኋላ የተጨመረ ክፍል ግን ማዕዘኑ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መጋጠሚያ ይታይበታል፤ ድንጋዩም ከነባሩ ጋር አይቆላለፍም። ይህን መጋጠሚያ ልስን ሳይሸፍነው ፎቶ አንሡት፤ ስፋቱንም ለክታችሁ መዝግቡ።